የማኅበሩ ማኅተምና የማኅበሩ አድራሻ

ባለፈው ክረምት ወረታ መናኸሪያ ውስጥ አቶ ደሞዝን ባላገኛቸው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የሩዝ አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። በእጃቸው ፖስታ ይዘዋል፤ የማኅበሩ ማኅተም ደግሞ፣ መንገድ ሲወጡ እንደ ልማዳቸው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሯል። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዘጋው ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና የለም። የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ማመልከቻቸው ደግሞ በዚያው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባሕር ዳር ካልደረሰ ማሽኑ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል።

«ማስታወቂያው በኢሜይልም እንቀበላለን ይላል፤ ጸሐፊዋ ሰገን ትላክልዎት» አልኋቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። የቀድሞው ጸሐፊ የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ በገዛ ስሙ በከፈተው ኢሜይል ሲቀበል ኖሮ፣ ሥራ ሲለቅ የሁለት ዓመት ደብዳቤ አብሮት ሄዷል። እኔ አስተማሪ ነኝ ባዩም ብሆን በዚህ ልፈርድባቸው አልቻልሁም። ቢሆንም እየጨቀጨቅሁ ወደ ቢሮው ወሰድኋቸው።

አዲሷ ጸሐፊ ሰገን ገና ስታየን ከወንበሯ ተነሣች። በማኅበሩ ስም ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ቀንም ሌትም በማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ፣ ቦታ ተከራይታ ሦስት ቀን ስትታገል ሰንብታለች። ከየትኛውም ስልክ ተከፍቶ የሚነበብ የማኅበሩ የራሱ የኢሜይል ገጽ ዛሬ ጠዋት ሠርቶላታል። ዓይኗ ያበራ ነበር።

«አንችስ ነገ አግብተሽ ጎንደር ብትገቢ» አሉ አቶ ደሞዝ፣ «ይህም አብሮሽ ሊሄድ አይደል?»

«አይሄድም፣ ጋሼ። አድራሻው ሊቀ መንበር ይላል እንጂ ደሞዝም ሰገንም አይልም። አቶ መንግሥቴ ከሊቀ መንበርነት ሲወርዱ ማኅተሙን ይዘውት ሄዱ?»

«ለምን ብለው? የማኅበሩ ነው እንጂ።»

«ይህም የማኅበሩ ነው። እኔ ብለቅ የእኔን ይለፍ ቃል ትለውጣላችሁ፤ ደብዳቤው ካለበት አይነቃነቅም።»

አቶ ደሞዝ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። የማኅበሩ ሣጥን ሦስት ቁልፍ እንዳለውና ሦስት ሰው ካልተሰበሰበ እንደማይከፈት ነገሯት። የእሷን ግን ብቻዋን ትከፍተዋለች።

ሰገን የሰርቨሩን ዋና ይለፍ ቃል በቃሏ በማይያዝ ረጅም ፊደልና ቁጥር ለውጣ በወረቀት ጽፋ፣ ፖስታ ውስጥ ከትታ አሸገችው። «ማኅተም ያሳርፉበትና ሣጥኑ ውስጥ ይግባ» አለች። «ኢሜይሉ መጀመሪያ የተዋቀረበትን የተከላ ገጽም ዘግቼዋለሁ፤ ክፍት ብተወው ማንም ገብቶ እንደ አዲስ ያዋቅረው ነበር።»

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ቋጠሮ ፈትተው ፖስታው ላይ ማኅተሙን አሳረፉ። እኔ እንደ ልጅ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ሰገን ማመልከቻውን ስካን አድርጋ ዘጠኝ ተኩል ላይ ላከችው። አሥር ሰዓት ሳይሞላ «ማመልከቻችሁ ደርሶናል» የሚል መልስ ገጹ ላይ ወጣ። አቶ ደሞዝ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

እነሆ፣ ዛሬ የዚያ ማኅበር ደብዳቤ በሰው ኪስ አይዞርም። ጸሐፊ ቢለወጥ የሚመጣው ሰው የቀደመውን ሁሉ ያገኘዋል፤ ጉማራ ቢሞላም መልእክት አያድርም። ሌሎች ማኅበራትም ይህን ቢያደርጉ እንዴት በተጠቀሙ።

የዚያን ዕለት ስንወጣ አቶ ደሞዝ በሩ ላይ ቆመው ማኅተሙን አገላብጠው አዩት።

«ይህ አርጅቷል፣ ሰገን» አሉ። «አዲስ ስናስቀርጽ የኢሜይሉ አድራሻ ከማኅበሩ ስም ሥር ይግባበት።»