ገላና ፈርቶ የተናገረው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮች፣ ከባቱና ከቡልቡላ ማልዳችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ተማሪዎቹ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አዴ ቡዜ፣ የገላናችን እናት፣ ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያበርታዎት።

እኔ ፋና እባላለሁ። ከገላና ጋር ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነበርን፤ የሩሲያ ቋንቋና ባህል ነው የተማርነው። እዚሁ አዳማም አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተማርን። ተናገሪ ስባል ምንም አልጻፍኩም።

ገላና ፈሪ ነበር። ቀብር ላይ እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይረው ማን ነበር? ባጃጅ ውስጥ የሹፌሩን ትከሻ ይዞ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ቀስ" የሚለው ማን ነበር?

የመጀመሪያው ዓመት የቃል ፈተና ትዝ ይለኛል። መምህራችን "ስለ ኑሮህ ንገረኝ" አሉት። ተነሳ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። "ለቤት ኪራይ እከፍላለሁ" ሊል ፈልጎ "ለቤት ኪራይ አለቅሳለሁ" አለ። የሩሲያኛ ጉዱ ይሄ ነው፤ ቃሉ ያው ሆኖ ድምፁ የሚጫንበት ቦታ ሲቀየር ትርጉሙ ይገለበጣል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችንም "እውነትህን ነው፣ እኔም አለቅሳለሁ" አሉ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ድምፅ እንዳታመልጠው ፈራ። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውል ነበር። ከሁላችንም የተሻለ ጆሮ ያወጣው ያ ፍርሃት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ ትምህርት ቤታችን መጣ። "ወጣቶችን ለሥራ ወደ ሩሲያ ልልክ ነው፤ ፊደሉንና ሰላምታውን አስተምሩልኝ" አለ። ገላና ክፍሉን ያዘ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደላላው እዚያ ላለው አለቃው ደወለና ልጆቹ እንዲሰሙ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። ሰውየው በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የለም ብሎ፣ አጠገቡ ላለ ሰው በሩሲያኛ እንዲህ አለ፦ "ወንዶቹ ግንባር ይገባሉ። ምን እንደፈረሙ ሳይገባቸው ያልቃል።"

ደላላው ሩሲያኛ አይችልም። "ምን አለ መምህር?" አለ። ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው ገላናን አዩት።

"መልካም ጉዞ ብሏችኋል" አለ።

እኔ ጎን ክፍል ነበርኩ። ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። "ፋና፣ ዋሸኋቸው" አለኝ። "ደላላው ቤቴን ያውቃል። ፈራሁ።" ለሚመለከተው አካል አመለከትን። ጉዳዩ እስኪጣራ ግን የልጆቹ መሄጃ ደረሰ።

በዚያ ጠዋት መናኸሪያ ብትሆኑ ምን ታዩ ነበር? ያ ባጃጅ የሚፈራ ሰው የሚኒባሱን በር በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከተማሪዎቹ አንዷ ሑስና እዚህ ናት፤ ትመስክር። "መምህር፣ ቪዛዬ እኮ ወጥቷል! ልቀቀን!" ብላ ጮኸችበት። እሱም "ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ። ወንዶቹን ጦርነት ነው የሚወስዷቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውረዱ፣ በእናታችሁ!" አለ። ደላላው በቦክስ መታው። በሩን አልለቀቀም።

ወረዱ። ከልጆቹ ቶኩማ ብቻ አልወረደም። እስከ ዛሬም ድምፁ አልተሰማም። እናቱ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ ስልኩ እረፍት አጣ። "የምትሄድበትን መንገድ እናውቀዋለን" ይሉታል። በየቀኑ መንገድ ይቀያይር ጀመር። ሲቀመጥ ፊቱን ወደ በሩ ነው። መጋረጃ ዘግቶ ያስተምር ነበር። ግን እውነት መናገሩን ተወው? አልተወውም። ከሞጆ፣ ከባቱ፣ ከቡልቡላ ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ከነዚያ ላኪዎች የደረሳቸውን የሩሲያኛ ድምፅ ያዳምጥና የሚለውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ይነግራቸዋል። እየፈራ።

ከትናንት ወዲያ ሞጆ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ሹፌሩ አልቆመም። አደጋ ነው የሚሉ አሉ። ይሆናል፤ መንገዱን እናውቀዋለን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሌላ የሚሉም አሉ። እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ዛሬ ወደዚህ ስመጣ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዞሬ ማየቴን ነው።

ትናንት ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ነው። "አንቺም ሩሲያኛ ትችያለሽ አሉ" አለኝና ዘጋው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልጃችሁን እልካለሁ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ የሰጣችሁን ወረቀትና ድምፅ ወደ እኔ አምጡት። የት እንዳለሁ ታውቃላችሁ። እነሱም ያውቃሉ።

ገላና ወንድሜ። ሩሲያኛ ሁለት መሰነባበቻ አለው። "ፕራሻይ" ዳግም ለማይገናኙ ነው፤ ውስጡ "ይቅር በል" የሚል አለበት። "ዳ ስቪዳኒያ" ደግሞ እስክንገናኝ ማለት ነው። እኛ ትንሣኤን የምናምን ሰዎች ነንና ሁለተኛውን እልሃለሁ። ዳ ስቪዳኒያ፣ ገላና። እንገናኛለን።

ቶሎ ግን አይሁን። ሰኞ ተማሪዎችህ ይጠብቁኛል።