ሰጋቱራው ምን ጠጣ?

አናጢውን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ከሐኪም ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። አጠገቤ የቆሙትን ሰው በመጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ሳውቃቸው ራሳቸው ሁልጊዜ እንደ ተላገ ጣውላ ልሙጥ ነበር። አሁን ግን ፀጉራቸው አድጎ ጆሯቸውን ነክቶ፣ ሽበቱና የእንጨት ብናኙ ተቀላቅሎ ወፍ ጎጆ የሠራችበት ይመስላል።

«ምነው ወዳጄ፣ ታመው ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ መምህር። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ መሄድ ትቼ ነው።»

«ምን በደለዎት?»

«ምን ያልበደለኝ አለ! ጓደኛዬን ወሰደብኝ።»

አስተማሪ ነበርኩ፤ ጡረታ ብወጣም ጥያቄ አይለቀኝም። ጠየቅኋቸው፤ ዝናቡም እንዳይሄዱ ስለያዛቸው ሁሉንም ዘረገፉልኝ።

የእንጨት ሥራ ቤታቸው ከአንድ ጋራዥ ጋር ግንብ ይጋራል። የጋራዡ ባለቤት፣ እጃቸው ከመኪና ግራሶ ስለማይጸዳ ሰፈሩ ሁሉ «ግራሶ» የሚላቸው መካኒክ፣ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ግራሶ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይመጡ ነበር፤ የፈሰሰ የሞተር ዘይት የሚመጥላቸው ሰጋቱራ ለመውሰድ። ጆንያውን መሙላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከአናጢው ጋር ሲጫወቱ ይቆያሉ።

ከሦስት ወር ወዲህ ጆንያው ቀረ። የግራሶ ልጅ ኬሚስትሪ ተምራ መጣችና ከፀጉር አስተካካዩ ቤት የሚጠረገውን ፀጉር በአሮጌ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ማጋደም ጀመረች። ግራሶም ፀጉሩን ለመቀበል ቅዳሜያቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ዞሩ።

«ሳቃቸው በመስኮቴ ይገባል» አሉ አናጢው። «እኔ የምልግ መስዬ እሰማለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እንዲሁ ጆሮዬን ሰጥቼ የበር መቃን አሳጥሬ ቆረጥኩ። እስቲ ይፍረዱኝ መምህር፣ ሰጋቱራዬ ምን አጎደለ? ንጹሕ ነው፤ ደረቅ ነው፤ ከእጄ የወጣ ነው። በስንቱ ሰው ፎረፎር ይለወጣል?»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ዓይናቸውን ሳይ ግን ተውኩት፤ ቅናት በእውነት አንገብግቧቸዋል።

እኔም ንጹሕ አልነበርኩም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ያቺን ልጅ ፊደል ከምትቆጥርበት ዕድሜ ጀምሮ ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። «ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም» ብዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አንድ ቀን እንኳ አንድ ሳፋ ይዤ ወደ ውጭ አልወጣሁም። አሁን ሰፈሩ «የግራሶ ልጅ እንዲህ አደረገች» ሲል፣ አፌ «ጎበዝ!» ይላል፤ ልቤ ግን «ማን አስተማራትና!» እያለ ያጉረመርማል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ «እንሂድና እናነጋግራት» ያልኩት ለማስታረቅ ብቻ አልነበረም። ስትሳሳት ለማየትም ጓጉቼ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ሁለት ጫማ ብቻ ይታያል። ግድግዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተለጥፏል። ልጅቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣችና ለሁለታችንም ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ግራሶም ከመኪናው ሥር ወጡ። አናጢውን ሲያዩ አንገታቸውን ደፉ። አናጢውም ሞተሩን መመልከት ያዙ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?» አልኩ።

«ከእኛ ቦይ የሚወጣው ዘይት ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ ታች ያሉት አትክልተኞች ከስሰውናል» አለች ልጅቱ። «ተቆጣጣሪዎች ከዐሥር ቀን በኋላ ይመለሳሉ። ውሃው ላይ የዘይት ነጸብራቅ ካዩ ጋራዡ ይታሸጋል።»

«ታዲያ ሰጋቱራ አይጨመርበትም?» አሉ አናጢው፤ ድምፃቸው ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «አሥራ ስምንት ዓመት የጠጣ ሰጋቱራ ዛሬ ምን ነካው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎን ሰጋቱራ ንቄ አይደለም። ደረቅ ወለል ላይ የሚተካከለው የለም። ቦዩ ውስጥ ግን ውሃ አለ። ሰጋቱራ እንጨት ነው፤ እንጨት ደግሞ ውሃ ይወዳል። ዘይቱ ሳይደርስበት ውሃውን ይጠጣና ይሰምጣል። ፀጉር ግን ውሃውን ገፍቶ ዘይቱን ላዩ ላይ ይይዛል። ላባም እንደዚያው ነው፤ የዶሮ ላባ ማለቴ ነው።»

«ራስ ሳይጠና ጉተና!» አሉ አናጢው። «እኔ ስለ እንጨት ካንቺ ልማር? ይህ ሁሉ ፀጉር ስንጠቃ ነው።»

«ስንጠቃውን ለእርስዎ ጣውላ እንተወውና ሚዛን እናምጣ» አለች፤ ፈገግ ብላ፣ ግን ከአክብሮቷ ሳትጎድል። «ከተሸነፍኩ ስቶኪንጎቹን ዛሬውኑ አነሳለሁ።»

አናጢው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። ራሳቸው ሄደው ከሁሉ የደረቀውን፣ በወንፊት የነፉትን ሰጋቱራ ይዘው ተመለሱ። ፀጉር አስተካካዩም ወሬውን ሰምቶ መጥረጊያውን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ። ረጅም፣ ተጫዋች ወጣት ነው። አናጢውን «እንደምን ዋሉ አባቴ» ቢላቸው ለመጥረጊያው መለሱለት።

ልጅቱ አራት ሳፋ ደረደረች። በየሳፋው እኩል ውሃ፣ በውሃው ላይ አንዳንድ ኩባያ የተቃጠለ ዘይት ጨመረች። ከዚያ ሰጋቱራ፣ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ታጥቦ የደረቀ የዶሮ ላባና ፀጉር፣ ሁሉንም በእኩል ሚዛን መዝና በተናቸው። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን። እያንዳንዱን በየተራ በወንፊት አውጥታ፣ ጠብታው እስኪቆም ይዛ መዘነች።

ሰጋቱራው ከሁሉ ከበደ። ያውም በብዙ!

«አያችሁ!» ብለው አናጢው በሁለት እጃቸው አጨበጨቡ። «አየህ ግራሶ! ጠጪ ማለት ይህ ነው!» ግራሶ ልጃቸውን ተመለከቱ። ፀጉር አስተካካዩ ማጅራቱን አከከ። እኔስ? ለአናጢው የተደሰትኩ መስዬ፣ በልጅቱ መሸነፍ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ልጅቱ አልደነገጠችም። «ጋሼ፣ ብዙ መጠጣቱን አምኛለሁ። የምጠይቀው ግን ምን እንደጠጣ ነው።»

ሰጋቱራውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የአናጢውን የራሳቸውን የጣውላ ማጣበቂያ ሞርሳ አስመጥታ፣ ሁለት ጣውላ መሐል አስገብታ ጨመቀችው። የወረደውን በብርጭቆ ተቀበለች። የፀጉሩንም እንዲሁ። ሁለቱን ብርጭቆዎች መስኮት ላይ አስቀምጣ እንድንጠብቅ ነገረችን።

ቀስ በቀስ ብርጭቆዎቹ ውስጥ ያለው ተለያየ። በፀጉሩ ብርጭቆ ያለው ከሞላ ጎደል ጥቁር ዘይት ነበር፤ ከሥር ያለችው ውሃ ጥፍር ታህላለች። በሰጋቱራው ብርጭቆ ግን ከላይ ስስ ጥቁር መስመር፣ ከሥር ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። ሳፋዎቹንም አሳየችን። የፀጉሩና የላባው ሳፋ ጠርቷል ማለት ይቻላል፤ የቆረቆንዳው መሐል ሰፋሪ ነው። የሰጋቱራው ሳፋ ላይ ዘይቱ ቀስተ ደመና ሠርቶ ይንሳፈፋል፤ ከወንፊቱ ያመለጠውም ብናኝ ታች ተኝቷል።

«ጠጥቶስ ጠጥቷል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ «ማሰሮ ተሳስቶ ነው እንጂ።»

ማንም አልሳቀም። አናጢው ብርጭቆውን አንሥተው ወደ ብርሃን አዩት። በእጃቸው አዟዟሩት። የሙያ ሰው በዓይኑ ያየውን አይክድም፤ እሳቸውም አልካዱም። «እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። «ሰጋቱራዬ ለዘይቱ ያነጠፈውን አልጋ ለውሃ ለቋል።» ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡና ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«ሰጋቱራው ይቅር፣ ግራሶ። ቅዳሜስ?»

ግራሶ የእጃቸውን ቅባት በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ሱሪው ከእጃቸው የባሰ ነበር።

«ምን ይዤ ልምጣ?» አሉ በመጨረሻ። «ሰጋቱራህን ከተውኩት በኋላ አፈርኩ። ሁለት ጊዜ በርህ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ያለ ጆንያ እንዴት ይገባል? ‹ምን ፈለግህ?› ብትለኝ ምን እላለሁ?»

«አሥራ ስምንት ዓመት የምትመጣው ለጆንያው ነበር?»

«አልነበረም እኮ! ግን ጆንያው ባይኖር ‹ናፍቀኸኝ ነው› ማለት ሊኖርብኝ ነው። ይህን የሚል ወንድ አይተህ ታውቃለህ?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። የኔ ቅናት ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። አንድ ሰው በሰጋቱራ ሰበብ ስለ ጓደኛው ሲቀና ካየሁ በኋላ፣ ተማሪዬ አለፈችኝ ብዬ መንገብገቤ እንጨት እንጨት አለኝ። ወደ ልጅቱ ቀርቤ «እኔ በሰሌዳ አስተማርኩሽ፤ አንቺ በሳፋ አስተማርሽኝ» አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ቃል ከእኔ ስትጠብቅ መቆየቷን ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን ልንገርህ። ሰጋቱራው ወደ ጋራዡ ተመለሰ፤ ግን ወደ ወለሉ እንጂ ወደ ቦዩ አይደለም። ደረቁ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰውን ይመጣል፤ ከዚያም ተጠርጎ ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀማል እንጂ ለማገዶ አይውልም፣ ሜዳም ላይ አይጣልም። ቦዩን ፀጉርና ላባ ይጠብቁታል። ስቶኪንጎቹ ሲሞሉ ይጨመቃሉ፤ እንደገናም ይሠራሉ። ከፀጉር አስተካካዩ ደጅ በነፋስ የሚበተን ፀጉር ጠፋ፤ የሰፈሩ ዶሮ ሻጭ ትጥለው የነበረው ላባም ቱቦ መድፈኑ ቀረ። ትናንት የምንጥለው ቆሻሻ ዛሬ የሚፈለግ ሆነ። ለካ ዋናው ቁም ነገር የትኛው ይበልጣል ማለት አይደለም፤ የትኛው የት ይሁን ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ፤ ፀጉርም ቢያብር ጋራዥ ያድናል። እኔ መላጣ ስለሆንኩ የማዋጣው አልነበረኝም፤ በፀጉሬ ምትክ ይህን ጽሑፍ ተቀበሉኝ።

አናጢው ያኑ ዕለት መንገዱን ተሻግረው ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ሙልጭ አድርገህ አንሣው» አሉት፤ «አንዷንም ዘለላ መሬት ላይ እንዳትጥል።» የሦስት ወር ኩርፊያቸው አንድ ሙሉ ስቶኪንግ ወጣው።

በዐሥረኛው ቀን ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ መጣ። ቦዩ አፍ ላይ ተንበርክኮ ውሃውን በእንጨት አማሰለ፤ ነጸብራቅ ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ በተጋደሙት ነገሮች ላይ ዓይኑን ጥሎ «እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» አለ። ግራሶ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት አናጢው ቀደሙ።

«የላይኞቹ የሰፈሩ ፀጉር ናቸው፣ ጌታዬ። ያቺ የታችኛዋ፣ ሽበታሟ፣ ግን የኔ ብቻ ናት።»

ደብዳቤው ከግድግዳው ወረደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም ግራሶ ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሰጋቱራ ገና ሁለት ሳምንት ይበቃ ነበር። አናጢው ይህን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን አግዳሚው ላይ ያለውን ብናኝ በመዳፋቸው ጠርገው ቦታ ለቀቁላቸው።