ማታ ማታ ወደ ግድግዳ የምትዞረው ካሜራ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሩ ስም፦ ስንሻው ገብረማርያም
ዕድሜ፦ 51 ዓመት
ሥራ፦ ነጋዴ፤ የሶላር፣ የባትሪና የስልክ ዕቃ መደብር
አድራሻ፦ መተማ ዮሐንስ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን ለተሥላሴ ማተቤ
ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ከሐጃ ከውሰር ግቢ ስለጠፋው የውሃ መሳቢያ ሞተር

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ተጠርጣሪው አንዷለም የሐጃ ከውሰር የግቢ ዘበኛ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሐጃ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሰፍዋን አብደራፊ የሰሊጥ መጋዘን አለው። ሦስቱም ደንበኞቼ ናቸው፤ ከአንዳቸውም ጋር ዝምድናም ሆነ ጸብ የለኝም።

ባለፈው ታኅሣሥ ሰፍዋን ወደ ሱቄ መጥቶ፣ አብደራፊ ሆኖ የእናቱን ግቢ በስልኩ የሚያይበት ካሜራ እንድተክልለት ጠየቀኝ። ገመድ መዘርጋት እንደማያዋጣ ነገርኩት፤ መብራቱ ይጠፋል፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ገመድ ምስጥ ይጨርሰዋል፣ የቤቱ ግድግዳም ጭቃ ስለሆነ መሰርሰሪያ አይችልም። ስለዚህ በትንሽ የሶላር ሰሌዳ ባትሪዋን የምትሞላ፣ ምስሉንም በውስጧ ባለው ሲም ካርድ የምትልክ ካሜራ ሸጥኩለት። እንዲህ ያለችው ካሜራ ባትሪ እንዳትጨርስ ተኝታ ነው የምትቆየው። ሰው ከፊቷ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነቅታ ትቀርጻለች፤ ለባለቤቱም መልእክት ትልካለች። የግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ስለሚጥል፣ ፀሐይም ኔትወርክም በደንብ የሚገኘው ከቤቱ ግድግዳ ጎን የውሃ ታንከሩ በቆመበት ማማ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ሰቅዬ፣ ግቢውን አቋርጣ በሩን እንድታይ አድርጌ ተከልኳት።

በታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ቤት ውስጥ ይተኛል። ሙቀቱ ሲገባ የከተማው አልጋ ሁሉ ወደ ውጭ እንደሚወጣ እኔም ሰፍዋንም እያወቅን በዚያ ሰዓት ትዝ አላለንም። የካቲት ላይ ሐጃ የገመድ አልጋቸውን አውጥተው ከኒሙ ሥር መተኛት ጀመሩ። አስም ስላለባቸው በሙቀት ጊዜ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ መተንፈስ ይቸግራቸዋል። አልጋው የሚዘረጋው በካሜራዋና በበሩ መካከል ነው። ሰፍዋን ግን ለእናቱ የነገራቸው በሩን ብቻ እንደምታይ ነው። የሰፍዋን ስልክ ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ በሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውል የሚያመሸው፤ ሚዛን ያዡም ደላላውም ያየዋል።

በዚያው በየካቲት መጨረሻ አንዷለም ወደ ሱቄ መጣ። የዕለቱን ነገር በየቀኑ በማስታወሻ ስለምይዝ ወሩን አልሳሳትም። «ጋሼ፣ ይች ነገር በሩን ብቻ እንድታይ አትሆንም?» አለኝ።

«ግቢውን ዘልላ? ሌባውን በበር ብቻ ግባ በለዋ!» ብዬ ቀለድኩበት።

«እሱስ ቢሰማኝ» ብሎ ሳቀ። በእጅ ትዞር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ትዞራለች አልኩት። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሚያዝያ 18 ለ19 አጥቢያ ከጓሮው ዕቃ ቤት የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠፋ። ሰፍዋን በ19 ማለዳ፣ አልጋው ገና ሳይነሣ ስልኩን ሲከፍት ካሜራዋ ወደ ግድግዳ ዞራ ስላገኛት ዘበኛውን ከሰሰ። አንዷለም «ያዞርኳት እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ለምን ሲባል ዝም አለ። ሰፍዋንም «ንጹሕ ከሆነ አፉን ማን ያዘው?» ይላል።

ካሜራዋን የተከልኩት እኔ በመሆኔ በዚያው ዕለት ዋና ሳጅን ለተሥላሴ ባሉበት ቅጂው የሚቀመጥበትን ካርዷን አውጥቼ ከፈትኩ። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ የየምሽቱ የመጨረሻ ቅጂ አንድ ዓይነት ነው። አንዷለም ከበሩ ተነሥቶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ አጥሩን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ታንከሩ ይመጣል። ወደ አልጋው አንድም ጊዜ ዞሮ አያይም። እጁ ምስሉን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ግድግዳ ብቻ ይታያል። ጠዋት አልጋው ወደ ቤት ከገባ በኋላ መልሶ ወደ በሩ ያዞራታል። ካሜራዋ ድምፅም ስለምትይዝ በአንዱ ምሽት የተባባሉትን ሰምተናል።

«ሐጃ፣ ቧንቧውን ልዘጋ ልመጣ ነው!»

«ና ልጄ። ሻሼን ግን ፈትቻለሁ።»

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ።»

«ጨፍነህ ታንከሩን እንዳትገጨው! የባለፈው እብጠት መች ጠፋልህ።»

በዚያ ሰዓት ቧንቧው ውሃ እንደሌለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሚመጣው ለካሜራዋ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እኔም ፊቴን አዙሬ የቀረውን መርማሪዋ ዋና ሳጅን ብቻቸውን አይተዋል። ወደፊትም ቅጂዎቹ መታየት ካለባቸው በሴት መርማሪ ብቻ እንዲታዩ እጠይቃለሁ።

ሰፍዋን እስከ ስርቆቱ ዕለት ያላወቀው ከግድግዳ ፊት የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ነው። አመሻሽ የሚደርሰውን መልእክት ዘበኛው ነው ብሎ ሳይከፍት ያልፈዋል። ካሜራዋ አትነቃም፤ እሱም መልእክት ሲያጣ እናቴ ሰላም አደረች ብሎ ይተኛል።

ሞተሩን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ዕቃ ቤቱ ግን ከታንከሩ ኋላ ነው። ካሜራዋ ወደ በሩ ብትዞርም ኖሮ ልታየው አትችልም ነበር። ለሌባ የሚያግዝ ሰው ያን ዕቃ ቤት የማታይ ካሜራ ማዞር ምን ይጠቅመዋል?

ትናንት አመሻሽ አንዷለምን በጣቢያው ጠየቅሁት። «አንተ ሰው፣ ለምን አትናገርም?» ስለው፣ «ብናገር ሐጃ ይሰማሉ። ከሰሙ ከነአስማቸው ቤት ውስጥ ነው የሚተኙት። እኔ እዚህ ጥላ ነው ያለሁት ጋሼ፣ ምንም አልሆንም» አለኝ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ተነሥቶ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ዛሬ ጠዋት ወደ ሐጃ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «የመጋዘኑ ሰው ሁሉ አየኝ በለኛ?» አሉኝ። «አንዷለም እያለ ማን ያይዎታል» አልኳቸው። «እኔ ደግሞ ስለ ቧንቧ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም እያልኩ ስስቅበት!» አሉና በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አብረውኝ መጥተው አሁን ከጣቢያው ግቢ ተቀምጠዋል። ዋሱ እኔ ነኝ፣ እሱን ሳልይዝ አልሄድም ይላሉ። ለልጃቸውም እዚያው ሆነው ደውለው «ካሜራህን ውሰድ፤ ዘበኛዬን መልስ» ብለውታል።

ቃሌ ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በእውነት የተናገርኩት ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ስንሻው ገብረማርያም
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ለተሥላሴ ማተቤ