ቀዩን ከጥቁሩ የለዩት የወይዘሮ ፈጠነች ሻንቆ ዜና ሕይወት

ወይዘሮ ፈጠነች ከአባታቸው ከአቶ ሻንቆ ዳልጮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋና ሐብተማርያም በ1950 ዓ.ም. ገሱባ አጠገብ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ እናታቸው ስለታመሙ ትምህርቱን ትተው እንዝርት ጨበጡ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ሶዶ ከተማ በሸማ ሥራ ይተዳደሩ ለነበሩት ለአቶ ደገፉ እስራኤል ተዳሩ።

በተጋቡ በዓመቱ አቶ ደገፉ ለአንድ የአረካ ሙሽራ የሠሩት ዱንጉዛ፣ ያ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያለው የወላይታ የክብር ልብስ፣ ቀዩ በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩም በቀዩ ቦታ ገብቶ በመገኘቱ፣ የሙሽራው ቤተሰቦች በሠርጋችን ላይ አሟረታችሁብን ብለው ልብሱን ደጃፍ ላይ ጥለውት ሄዱ። ወይዘሮ ፈጠነች ባለቤታቸው ቀይና ጥቁር ክር አንድ የሚመስላቸው ሰው መሆናቸውን ያወቁት ያን ዕለት ነው። ሸማኔው ቀለም አይለይም ከተባለ እንጀራቸው እንደሚዘጋ ስለገባቸው፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ክሩን አሳስቼ ያቀበልኩት እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ በኋላማ ሰፈሩ መች ማራቸው! ቀይ ወጥን ከአልጫ የማትለይ ሴት እየተባሉ፣ በድግስ ቤት ወደ ድስቱ ሲጠጉ ኧረ እንዳትነካው እየተባለ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተሳቀባቸው። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ወልደመስቀልም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ከሳቂዎቹ ፊተኛው ነበር።

እርሳቸው ግን በየማለዳው ድሩን ራሳቸው እየደረደሩ፣ የጥቁሩን ክር ጫፍ ቋጥረው የቀዩን ሳይቋጥሩ ያቀርቡ ነበርና፣ አቶ ደገፉ ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይሠሩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በየበዓሉ ዱንጉዛ የሚለብሰው ሰው በዝቶ ትዕዛዙ ከተበላ ከተማም ከአረካም ሲጎርፍ፣ አቶ ደገፉ ጥቁሩ ሕዝቡ ነው፣ ቀዩ የአባቶች ደም ነው፣ ቢጫው ተስፋችን ነው እያሉ ለገዢ ሲያስረዱ ወይዘሮ ፈጠነች ልብሱን ይዘረጉላቸው ነበር። በ2000 ዓ.ም. አቶ ደገፉ በአንድ ባዛር ላይ የምስክር ወረቀት ሲቀበሉም ከኋላ ቆመው አጨበጨቡ። ሁለቱን ልጆቻቸውን መስከረምንና ባሮክን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት በዚሁ ሥራ ነው።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም ስምንት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። አቶ ደገፉም ዛሬ ጠዋት ወልደመስቀልን ጠርተው ምስጢሩን ሁሉ ከነገሩት በኋላ፣ መልካም ስሟን ወስጄባት ኖሬአለሁና ይህ ሳይነበብ አትቀበርም ብለው አለቀሱ።

በሣጥኑ ላይ የተዘረጋው ዱንጉዛ እርሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ አቶ ደገፉ ለብቻቸው የሠሩት ነው። አይታችሁ እንደተንሾካሾካችሁበት፣ ቀዩና ጥቁሩ ተዘበራርቋል። ልጃቸው መስከረም በሌላ እንለውጠው ብትላቸው፣ ተዪው፣ ሰው ይየው፤ ያለ እርሷ የእኔ ሥራ ይኸው ነው አሏት።

ወይዘሮ ፈጠነች ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። የተሰወረውን ሁሉ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁምልን፤ የሳቅንባቸውንም ሁላችንን ይቅር ይበለን። አሜን።