ቦታው ያልደረሰው ሳተላይት

ሞጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ የዲሽ ሠራተኛው ደምለው በወይዘሮ ይርገዱ ቤት የቆርቆሮ ጣራ ላይ ሆኖ ዲሽ ያዞራል፤ እሷ ደጅ ቆማ በመስኮቱ ቴሌቪዥኑን እያየች ትነግረዋለች።

ይርገዱ፦ አሁንም የለም! ጥቁር ነው አልኩህ። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ገፋ አድርገው።

ደምለው፦ ገፋሁት እኮ።

ይርገዱ፦ እንግዲያው መልሰው። ዛሬ እጅህን ምን ነካው? ያኔ ገና ነካ ስታደርገው አልነበር ጥርት ብሎ የመጣው?

ደምለው፦ ያኔማ አሮጌው ሳተላይት ነበራ፣ እትዬ።

ይርገዱ፦ ታዲያ ጣቢያው «ወደ አዲሱ ስለምንዛወር ዲሻችሁን አዙሩ» አላለም? አንተስ «ሰው ሳይሻማ ቀድመን እናዙር» ብለህ የሰፈሩን ሁሉ አላዞርክም?

ደምለው፦ ብያለሁ።

ይርገዱ፦ ነገ እሑድ ነው። አባባ አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ የሚያስቀድሱት በዚህ ሳጥን ነው። ዲያቆኑ «ተነሡ» ሲል በብብታቸው ይዤ አቆማቸዋለሁ። ሐኪሙ ተንቀሳቀሱ ቢላቸው «እሱ ማን ነውና?» ይሉኛል፤ ለዲያቆኑ ግን ይነሣሉ።

ደምለው፦ አውቃለሁ።

ይርገዱ፦ ካወቅህ አዙረዋ!

ደምለው፦ ምን ብዬ... እትዬ ይርገዱ፣ ሳተላይቱ የለም።

ይርገዱ፦ የት ሄዶ? ሲተኮስ እዚሁ አይተነው! ሮኬቱ ሲነሣ ፈረንጆቹ ሲያጨበጭቡ፣ አባባ እንኳ «በሰላም ያግባህ» ብለው መርቀውታል።

ደምለው፦ እስከዚያ ደኅና ነበር። ኋላ ነው ሮኬቱ ሳያደርሰው የቀረው። ይኼ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል እየዞረ፣ ለእኛ አንድ ቦታ እንደቆመ ሆኖ ነው የሚኖር። እዚያ ካልደረሰ ዲሽ አያገኘውም።

ይርገዱ፦ እና አንተ ከምሳ ጀምሮ ምን ስታዞር ነው የዋልከው?

ደምለው፦ መናገሩ ከብዶኝ ነው።

ይርገዱ፦ አይ አንተ! በል ወደ አሮጌው መልሰውና ውረድ።

ደምለው፦ አሮጌው ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ከቦታው አንሥተውታል።

ይርገዱ፦ ባለቤት የለውም ይኼ ነገር?

ደምለው፦ ኩባንያ ነው፤ ለጣቢያዎች የሚያከራይ። «እናዝናለን» ብሏል። ኢንሹራንስ ስላለው ሌላ ያሠራል።

ይርገዱ፦ መቼ?

ደምለው፦ ዓመታት ይፈጃል።

ይርገዱ፦ ዓመታት! ለአባባስ ኢንሹራንስ ማን ገባላቸው?

ደምለው፦ በስልክ ብንሞክርስ?

ይርገዱ፦ በየትኛው ኔትወርክ? አንተን ልጠራ በእግሬ አይደል የመጣሁት?

ደምለው፦ የንስሐ አባታቸው...

ይርገዱ፦ ይመጣሉ፣ ይጸልዩላቸዋል፤ ይባረኩ። ቅዳሴ ግን ቤት ለቤት አይዞርም።

ደምለው፦ እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

ይርገዱ፦ እሱማ ያውቃል። የማያውቁት አባባ ናቸው... ቆይ፣ ከጓዳ እየጠሩኝ ነው። አቤት አባባ!... እሺ፣ እሺ።

ደምለው፦ ምን አሉ?

ይርገዱ፦ «የነገውን ነጠላዬን አውጪልኝ፤ ደምለው እየታገለልን ነው፣ ኮቴውን እሰማለሁ» ነው የሚሉት።

ደምለው፦ ወይ ጉዴ! መሰላሉን ይያዙልኝ፤ ወርጄ እኔው ልንገራቸው።

ይርገዱ፦ አፈር ስሆን አትውረድ፣ ደምለው። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው እዚያው ቆርቆሮው ላይ ተመላለስልኝ።