የአያ ሰውአገኝ በቅሎና የስልኩ ድምፅ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ሐረገወይን መዝሙር
ዕድሜ፦ 49
ሥራ፦ የስልክና የፀሐይ መብራት ንግድ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ መካነ ብርሃን፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ የአቶ ሰውአገኝ የሻው በቅሎ መጥፋት
ቃል ተቀባይ፦ ም/ሳጅን ወንጌላዊት አለምነህ

እኔ ስሜ ከላይ የተመዘገበው ምስክር በጉዳዩ የማውቀውን ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ከአቤቱታ አቅራቢው ከአያ ሰውአገኝም ሆነ ከተጠርጣሪው ከሀዳነ ምንይችል ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝ የነገሩን ቅደም ተከተል ከማስታወሻዬ አመሳክሬ እናገራለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ጎንደር የምትኖረው የአያ ሰውአገኝ ልጅ የትነበርሽ ሱቄ መጥታ ለአባቷ ስልክ ገዛች። አባቷ ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥር መምታት እንደማይችሉ፣ የሚኖሩትም ብቻቸውን እንደሆነ ነገረችኝ። በድምፅ ሲጠይቁት በድምፅ የሚመልስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ፕሮግራም እንድጭንበት ጠየቀችኝና ጫንኩ። በገበያ ቀን ወደ መካነ ብርሃን ስለምወጣ ስልኩን እንዳደርስላቸውና አጠቃቀሙን እንዳስተምራቸው ተስማማን። ይህን ያደረግሁት ለደግነት ብቻ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ስልክ ከለመደ ጎረቤቱም ይገዛል።

በመጀመሪያው ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን አሳየኋቸው። ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣሩ ሆነው ይጮኹበት ስለነበር ስልኩ የሚሉትን አልለይ አለ። ዝግ ብለው እንዲናገሩ፣ ከጠየቁ በኋላም መልሱ እስኪያልቅ እንዲታገሡ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ገበያ ስመለስ ልጃቸውን በድምፅ አስደውለው ማነጋገር ችለው ነበር። ዝናብ ይጥል እንደሆነ፣ የበቅሎ ኮቴ ሲቆስል ምን እንደሚደረግ ይጠይቁታል። ድምፁ የሴት ስለሆነ፣ “ሸጋ ልጅ ናት። አንድ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ብጠይቃት አትቆጣም፤ እንዳንቺ አይደለችም” ብለው ቀልደውብኛል። የማያውቀውንም እንደሚያውቅ አድርጎ ሊመልስ እንደሚችል ግን አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ይልመዱት ብዬ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ በቅሏቸው ከግጦሽ ሳትመለስ ቀረች። ስትጠፋ አላየሁም። ከዚያ በኋላ ለገበያ ስወጣ ሀዳነ በቅሎዋን ሰረቀ የሚል ወሬ ሰማሁ። ሀዳነ የአያ ሰውአገኝ ጎረቤት ሲሆን መሬታቸውን አርሶ ምርቱን በእኩል የሚያካፍላቸውም እሱ ነው። ሲሰርቅ ማን አየው ብዬ ብጠይቅ፣ ያነጋገርኳቸው ሁሉ ለአያ ሰውአገኝ ወፍ ነገራቸው አሉኝ።

ድሮ በአገሩ ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር። ሕዝቡ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው ሳይታወቅ አይበተንም። ያየ ሰው ቂም ፈርቶ በአደባባይ መናገር ካልፈለገ በምስጢር ያሳውቃል። ይህ ሰው ወፍ ይባላል፤ ማን ነው ተብሎም አይጠየቅም። አያ ሰውአገኝም ወፍ ነገረኝ ስላሉ ማንም ከዚያ አልፎ የጠየቃቸው የለም።

የሀዳነን ሚስት ይመኙሽን እዚያው ገበያ ላይ አገኘኋት። ገብሳቸው ደርሶ መርገፍ ጀምሯል። ለወንፈል የተጠሩት ጎረቤቶች ከሌባ ማሳ ገብተን አናጭድም ብለው ቀሩ። ሀዳነ ለብቻው እያጨደ እንደሆነ፣ ምንጭ የወረዱ ልጆቿንም ሰው እንደሚሸሻቸው ነገረችኝ። እያለቀሰች አልነበረም። ገብሱ ከረገፈ ግን ክረምቱን የሚያሻግራቸው ሌላ እህል እንደሌላቸው ተናገረች።

ከገበያ በኋላ አያ ሰውአገኝ ቤት ሄጄ ወፉ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ይህ አይጠየቅም አሉኝ። ቀጥለው ግን፣ ያመጣሻት አንቺው ስለሆንሽ ካንቺ አልደብቅም ብለው ስልኩን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። በቅሎዋንም ደጃፋቸውንም የሚያውቅ ሀዳነ ስለሆነ እሱ ይሆን ወይ ብለው ቢጠይቁት፣ ሊሆን ይችላል ብሎ ምክንያቱንም ዘርዝሮ እንደነገራቸው ገለጹልኝ።

ስልኩ አያውቅም ብላቸው እንደማይቀበሉኝ ስለገባኝ አልተከራከርኩም። እሳቸው እየሰሙ፣ በቅሎዋን የወሰደችው ነጋዴዋ ሐረገወይን ትሆን ብዬ ስልኩን ጠየቅሁት። በየገበያው ስለምትዞር ለመሸጥ ይመቻታል፤ ልትሆን ትችላለች ብሎ መለሰ። አያ ሰውአገኝ ሳቁና፣ “በቅሎዬን ነድተሽ በምትኳ ይችን ሰጠሽኝ?” አሉኝ። ቀጥዬ የትነበርሽ ትሆን ብዬ ጠየቅሁ። ልጃቸው የቤቱን ነገር ስለምታውቅ እሷም ልትሆን ትችላለች አለ። ሳቃቸውን አቆሙ። ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና ራሳቸው፣ ሰውአገኝ ሸጧት ረስቶ ይሆን ብለው ጠየቁት። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለሚረሱ ይህም ሊሆን እንደሚችል ነገራቸው።

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ፣ “ወፍ ያየውን ነበር የሚናገር። ይች ምንም ሳታይ ኖሯል የምታወራኝ” አሉ። እኔም ይህን በመጀመሪያው ቀን ልነግራቸው ይገባ እንደነበር፣ ለዝናቡም ሆነ ለኮቴው የሚሰጣቸውን መልስ ሰው ጠይቀው እንዲያመሳክሩም ነገርኳቸው።

በማግስቱ ወደ ጣቢያ መጥተው አቤቱታቸውን ሊሰርዙ ተነሡ። አስቀድሜ ግን ሀዳነ ማሳ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝና ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሀዳነ ብቻውን ያጭድ ነበር። ሲያየን ማጭዱን እንደያዘ ቆመ። አያ ሰውአገኝ የሆነውን ሁሉ ምንም ሳይደብቁ ነግረውት ይቅርታ ጠየቁት። ሀዳነ ስለ ስልኩ አንድም ነገር አልተናገረም። ያለው ይህን ብቻ ነው፦

“አያ፣ አጥራችን አንድ ነው። ምነው እኔን ሳይጠይቁኝ?”

አያ ሰውአገኝ ጋቢያቸውን አጣፉና ማሳው ውስጥ ተቀምጠው የታጨደውን በእጃቸው እየዳበሱ ነዶ ማሰር ጀመሩ። ሀዳነ ጥቂት አያቸውና ወደ አጨዳው ተመለሰ። በዚያ ሲያልፉ ያዩዋቸው ሰዎች ወሬውን አደረሱት። ከቀትር በኋላ ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ያልመጡም አሉ። በዚህ የተነሣ ወደ ጣቢያ የመጣነው ዛሬ ነው።

በቅሎዋ እስካሁን አልተገኘችም። ሰው ይውሰዳት ገደል ትግባ አላውቅም። ሀዳነ በጠፋችበት ቀን የት እንደዋለም አላውቅም፤ አብሬው አልነበርኩምና። ወሰዳት ከሚሉት ሰዎች መካከል ግን ሲወስዳት አይቻለሁ ያለኝ አንድም የለም።

ያየሁትን እንዳየሁ፣ የሰማሁትን እንደሰማሁ ለይቼ ተናግሬአለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም ብያለሁ። ቃሌ ተነቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሐረገወይን መዝሙር
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ወንጌላዊት አለምነህ