የመጨረሻው ረድፍ ጠበቃ

ክቡራን አባቶች፣ ሲስተሮች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ ሥራችሁን ጥላችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ በመምጣታችሁ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የእኅታችን ታናሽ ወንድም፣ አናጢው ነኝ። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት ከሴት ልጃቸው ጋር ሲሆን፣ እርሷ «አጎቴ፣ ቀብር ላይ ቁጣ አይነበብም» እያለች ብዙውን ሰርዛብኛለች፤ የቀረውን መሰረዝ ግን እኅታችንን ራሳቸውን መሰረዝ ስለሚሆን እንዳለ አነብላችኋለሁ።

እኅታችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታችን በዚያ ዘመን የካቶሊክ ሲስተሮቹን ትምህርት ቤት ወንበሮች የሚሠሩና የሚጠግኑ ስለነበሩ፣ እኅታችን ገና ሳይራመዱ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ እየተንከባለሉ፣ አፋቸውን ሳይፈቱ የመጋዝ ድምፅ እየሰሙ አደጉ። ያልገባቸውን ነገር እስኪገባቸው ድረስ ሰው የማያሳርፉ ልጅ ነበሩና፣ እናታችን «ይቺን ልጅ የሚያስቆማት እንቅልፍ እንጂ መልስ አይደለም» ይሉ እንደነበር ሁላችንም በቤት ውስጥ ስንሰማ ኖረናል።

እናታችን ለረጅም ጊዜ ታመው ስለነበር፣ እኅታችን ቤት እየረዱ ቆይተው ትምህርት የጀመሩት ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ነው። በትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ ያልተለወጠ አንድ ልማድ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ውጤት ይነበባል፤ ከዚያም ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ሰብስቦ ይነሣና እንደየደረጃው ይቀመጣል፤ አንደኛ የወጣው ከመምህሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ መጨረሻ የወጣው ከኋላው ግድግዳ ሥር። እኅታችን ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው አያውቁም፤ እኔም ከኋለኛው። ከዚያ ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ ስለሚያንጸባርቅ፣ ከተጻፈው ግማሹ አይነበብም ነበር፤ ያላነበበውን ያልጻፈ፣ ያልጻፈውን ያላጠና ልጅ ደግሞ በሚቀጥለውም ወር መቀመጫው ያው ግድግዳ ሥር ነው። እኔ ዕጣዬ ነው ብዬ ተቀብዬ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ተውኩና ወደ አባታችን ወርክሾፕ ገባሁ፤ አባታችንም ረዳት ስላገኙ ብዙ አልተከፉም። እኅታችን ግን ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው የሚያልፉ ሰው አልነበሩምና፣ «ወንድሜን ከትምህርት ያስወጣው ስንፍናው ሳይሆን ወንበሩ ነው» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከራከሩ።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅን በጥሩ ውጤት አጠናቅቀው ወደዚያው ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህርት ሆነው ተመለሱ። በራሳቸው ክፍል ውስጥ በየሰኞው የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ እንዲሄድ፣ የቀሩትም አንድ አንድ ረድፍ ወደ ፊት እንዲጠጉ አደረጉ። ይህችን ለምታህል ነገር የወላጅ ጎርፍ የርእሰ መምህሩን ቢሮ አጥለቀለቀው፤ «አንደኛ የወጣው ልጄ ምን አጠፋና ነው ከኋላ የሚቀመጠው?» ተባለ። እኅታችንም ከኋላ ያለውስ ምን አጥፍቶ ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ወንበሩ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ታዘዘ።

በዚሁ ዘመን የትምህርት ቤቱን የመብራት መሥመር ሊጠግኑ ከመጡት ኤሌክትሪሽያን ጋር ተዋውቀው በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ፤ ዛሬ ነርስ የሆነችውን ሴት ልጃቸውንና የአውቶቡስ ሾፌር የሆነውን ወንድ ልጃቸውንም ወልደው አሳደጉ። ባለቤታቸው ታጋሽና ተጫዋች ሰው ናቸው፤ ራት ላይ የሚነሣው ወሬ ሁሉ የትምህርት ቤት ሲሆንባቸው «እኔ ያገባሁት አንቺን ብቻ መስሎኝ፤ ለካስ ከነኋላው ረድፍ ነው» እያሉ ያሥቁን ነበር። እኅታችንም ከእኛ ጋር ይሥቁና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከዓመታት በኋላ የሀገረ ስብከቱ የትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መምህራን ትምህርት ቤቶቹ የተቋቋሙበትን ተልእኮ ወደ ክፍል ይዘው እንዲገቡ የሚረዳ ሰው ሲፈልግ እኅታችን ተመረጡ። ይህን ሹመት ያሉት አሉ፤ ከክፍል ማራቂያ ዘዴ ነው ያልንም አለን። ተልእኮው በየትምህርት ቤቱ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ፣ «እያንዳንዱን ልጅ በእግዚአብሔር አምሳል እንደ ተፈጠረ ተቀብለን እናስተምራለን» የሚል ቃል ነው። እኅታችን ቃሉን ከልባቸው ያምኑበት ስለነበር፣ «እያንዳንዱን» የሚለው ቃል የመጨረሻው ረድፍ ላይ ደርሶ ሳያዩ ላለማረፍ ወሰኑ።

አሠራራቸው ስብከት አልነበረም። ክፍል ገብተው ከመጨረሻው ወንበር ላይ፣ አንዳንዴም አባታችን ከሠሩት ወንበር ላይ፣ በልጆቹ መካከል ተጣበው ይቀመጡና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ትንፍሽ አይሉም። ደወሉ ሲደወል መምህሩን ለብቻው ወስደው «እስቲ ልጄ፣ አሁን ባስተማርከው ውስጥ ተልእኮው የት አለ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚህም የተነሣ መምህራኑ «እትዬ የት አለ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው፤ እርሳቸውም ስሙን ሰምተው ወደዱት።

የሚሰጣቸው መልስ ግን አንጀት የሚያሳርር ነበር። አንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፍሬም በጣቱ ያሳያቸዋል፤ ሌላዋ «እሱ የሃይማኖት መምህሩ ሥራ ነው፣ እኔ የባዮሎጂ ነኝ» ትላቸዋለች። አንድ ወጣት የሒሳብ መምህርማ ምክራቸውን ከልቡ ሰምቶ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ጉብኝታቸው ደስ እያለው የደከመበትን አሳያቸው፤ ነጋዴው ስለሚሸጠው ብርቱካን የነበረው የክፍልፋይ ጥያቄ ሁሉ፣ ቄሱ ስለሚያበሩት ሻማ ሆኖ ተለውጧል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ብርቱካኑን ማካፈል እንዳልቻለ ሁሉ ሻማውንም አልቻለም። መምህሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻማው ተብሎ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን የአንድ ርእሰ መምህር ሥራ ነበር። እኅታችን በአንድ ሥልጠና ላይ ተልእኮው ከግድግዳ ወርዶ ከትምህርቱ ጋር ይዋሐድ ብለው አጥብቀው ስለ ተናገሩ፣ ርእሰ መምህሩ ቀለም ቀቢ ጠርተው የተልእኮውን ቃል በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ከላይ እስከ መሐሉ ድረስ፣ በነጭ ዘይት ቀለም አስጻፉት። መምህራኑም በቀረችው ቦታ ላይ ጽሕፈታቸውን አሳንሰው መጻፍ ጀመሩ፤ ቀድሞ ግማሹን ያነብ የነበረው የኋላው ልጅ ከዚያ ወዲያ አጥርቶ የሚያነበው ተልእኮውን ብቻ ሆነ። እኅታችን ይህን ባዩበት ቀን በቀጥታ ወደ ወርክሾፔ መጥተው ገና ባልተላገ ሳንቃ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው» አሉ። እኔም ሥራዬን አቁሜ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው በደረጃ መቀመጥ በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። «ይታሰብበታል» ተባሉ። አሁንም አቀረቡ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውም ሌላ ኮሚቴ ወለደ። በየዓመቱ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ መምህራኑ ያጨበጭባሉ፣ ከደረጃው ላይ ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ፤ በነጋታው ክፍል ሲገቡ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ መምህራን እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ብትቀየሙም እርሳቸው ለዓመታት የተቃጠሉትን ያህል አትቃጠሉም።

ከዚህ ሁሉ ልፋት ዐይናቸው ያየው ፍሬ ቢኖር ሻማው ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ከራሱ ክፍል የመጨረሻ ወንበር ላይ ሄዶ ቢቀመጥ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን ማንበብ አቃተው። የዚያኑ ዕለት ቤታቸው ድረስ መጥቶ «እትዬ፣ የት እንደሌለ አየሁት» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ረድፎቹን በየሰኞው ማዘዋወር ቢጀምር እንዲያቆም ተነገረው፤ አሁን የሚያዘዋውራቸው የእርሱ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለስብሰባ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ደግነቱ ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ይወዳሉ። ይህንን በአደባባይ የማነበው «ይነበብ፣ ከእንግዲህ ተደብቄ አልሠራም» ብሎ ስለ ፈቀደልኝ ነው።

እኅታችን ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው ስጦታ በወርቅማ ፍሬም የተዋበ የተልእኮው ቃል ነበር። አመስግነው ተቀብለው፣ በማግስቱ ወደ እኔ ይዘውት መጡና «መስተዋቱ ደኅና ነው፣ ለተሰበረው መስኮትህ አድርገው» አሉኝ፤ እኔም አደረግኩት። ብዙም ሳይቆይ ልባቸው ይደክም ጀመር፤ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎም ከአልጋ መውረድ ከበዳቸው። ልጃቸው ሌት ተቀን አስታመመቻቸው፤ ባለቤታቸውም ከአጠገባቸው አልተለዩም። በታመሙበት ወራት ሻማው ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር የሚጠይቁት ስለ ራሳቸው መድኃኒት ሳይሆን፣ በዚያ ሰኞ ወንበሮቹ ተንቀሳቅሰው እንደሆነ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ስላልነበራቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ሻማው ይህን ሲነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማለዳ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ በሰላም ዐረፉ።

ትናንት የትምህርት ቤቶቹ ቦርድ ተወካዮች ቤታችን መጥተው፣ የእኅታችን ስምና ፎቶግራፍ ከተልእኮው ቃል ጋር በእብነ በረድ ተቀርጾ በዋናው በር ላይ እንዲቆም መወሰናቸውን ነግረውናል። ክብሩን እናመሰግናለን፤ እብነ በረዱ ግን ይቅርብን። ቤተሰቡ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዚህ ወር ውጤት ሲነበብ ማንም ልጅ ደብተሩን ሰብስቦ አይነሣ። ይህንን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሁን እዚህ ቆሜ ሳያችሁ፣ ተማሪዎቹን ለቀብር እንኳ እንደየደረጃቸው አሰልፋችሁ ነው ያመጣችኋቸው። ከኋላ በሩ ሥር የተቀመጡት ልጆች እነማን እንደሆኑ ማንንም ሳልጠይቅ ዐውቃቸዋለሁ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ሻማውን፣ በየትምህርት ቤቱም የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። ደረጃ በማይነበብበት መንግሥቱ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን፣ ለጨረሱት ሳይሆን ለጀመሩት ሥራ ደግሞ ሰው ይስጥልን፤ አሜን።

አሁን ሣጥኑ ሳይነሣ ስንብት ይደረጋል። ስንብቱ የሚጀምረው ከኋላ ነው፤ ከበሩ ሥር ያላችሁ ልጆች፣ ኑ፣ እናንተ ቅደሙ።